ክብር ፍለጋ ወደ ቤት? ቤት መውለድን ለሚያበረታታ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከሰሞኑ ለእርግዝና ክትትል የሚመጡ እናቶች አንድ ጽሑፍ አንብበው ይመጣሉ። አንዳንዶቹ እንዲያውም አውጥተው ያሳዩኛል። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ መውለድ ተፈጥሮ እንጂ በሽታ አይደለም፤ አያቶቻችን አሥርና ከዚያ በላይ ልጆች ቤታቸው ወልደዋል፤ በሆላንድና በእንግሊዝ ያሉ ሴቶች እስከ ዛሬ ቤታቸው ይወልዳሉ፤ ሆስፒታል የገባች ሴት ያለ መርፌና ያለ ቀዶ ሕክምና አትወጣም፤ በዚያ ላይ ትሰደባለች። ስለዚህ አዲስ አበባ የምትኖር ጤነኛ ሴት ልምድ ያላት አዋላጅ ቀጥራ፣ መኪና ደጃፏ ላይ አቁማ፣ በገዛ አልጋዋ ላይ ብትወልድ መብቷ ከመሆኑም በላይ ይሻላታል።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ከጽሑፉ ገሚሱን በሙሉ ልቤ እቀበላለሁ፤ የምቀበለውንም ሳልሸፍን እናገራለሁ። ያልተቀበልኩት ጸሐፊዋ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን እንደ አንድ አድርገው ማቅረባቸውን ነው። አንደኛው «የት ልውለድ?» ነው፤ ሁለተኛው «ሕክምናው ምን ያህል እጁን ያስገባ?» ነው። ጤና ተቋም ውስጥ ያለች ሴት ብዙውን ነገር «አልፈልግም» ማለት ትችላለች። ቤቷ ያለች ሴት ግን በጨነቃት ሰዓት «እፈልጋለሁ» ብትል የፈለገችውን የሚያቀርብላት የለም።

ከአያቶቻችን ልጀምር። ቤታቸው መውለዳቸው እውነት ነው። ነገር ግን አሥር የወለደችውን አያት ስንቶቹ አደጉልሽ ብሎ የጠየቀ መልሱን ያውቀዋል። በየቤታችን የሚተረከው የተረፈችው ሴት ታሪክ ነው፤ በመጀመሪያ ምጧ የሞተችው ታሪኳን የሚተርክላት የልጅ ልጅ የላትም። እ.ኤ.አ. በ2000 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደገመተው፣ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ይሞቱ ነበር። በዚያን ጊዜ በጤና ተቋም ይወልዱ የነበሩት ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2016 የሟቾቹ ቁጥር ወደ 412 ሲወርድ፣ በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ 26 ደርሰው ነበር፤ በ2019 ደግሞ 48። ቁጥሮቹ አብረው መጓዛቸው ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ የቤተሰብ ዕቅድም፣ መንገዱም፣ የሴቶች ትምህርትም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። የአያቶቻችንን ዘመን ግን እንደ ደግ ዘመን አድርጎ ማቅረብ ከእነዚህ ቁጥሮች ጋር አይታረቅም።

ከሞት የተረፉትም ቢሆኑ ሁሉም በጤና አልተረፉም። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ወደዚያ ሆስፒታል የሚሄዱት ሴቶች ምጥ ለቀናት ይዟቸው፣ የሕፃኑ ጭንቅላት ፊኛቸውን ተጭኖ ያቆሰለባቸው፣ ልጃቸውን አጥተው ሽንታቸውንም መቆጣጠር የተሳናቸው ናቸው። ሐምሊን ቁስሉን በመጠገን ብቻ አልተወሰኑም፤ በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ አቋቋሙ። የምጡን መጓተት ቀድሞ የሚለይ፣ ጊዜው ሳያልፍ የሚልክ ሰው በየገጠሩ ካለ አብዛኛው የወሊድ ፊስቱላ አይከሰትም።

አያቶቻችን በትክክል ያውቁት የነበረ ብዙ ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊዋ ጋር ነኝ። ተንበርክኮ ማማጥ፣ የሚያውቋት ሴቶች ዙሪያዋን ሆነው «ማርያም ማርያም» እያሉ ማበርታታቸው፣ አጥሚት ማቅመስ፣ ሕፃኑን ወዲያው ከእናቱ ገላ ማስጠጋት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ ላይ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ እንድትንቀሳቀስና ቀና ባለ አኳኋን እንድታምጥ፣ ችግር የሌለባት ወላድ እንድትበላና እንድትጠጣ፣ ሕፃኑ ቢያንስ ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ገላ ለገላ እንዲቆይ ይመክራል። እነዚህን ለማግኘት ቤት መቅረት የግድ አይደለም። በበርካታ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ለወላድ ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል። ይህ የሆነው እናቶች ከማዋለጃ ክፍሉ ምን እንደሚያርቃቸው ተጠይቀው፣ መልሳቸው ስለተሰማ ነው።

ሁለተኛው የሆላንድና የእንግሊዝ ነገር ነው። ጸሐፊዋ «ሳይንሱ ቤት መውለድን ደግፏል» ይላሉ። የሚጠቀሰው ዋናው የእንግሊዝ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሲሆን ከ64,000 በላይ ችግር የሌለባቸው ወላዶችን ተከታትሏል። ከዚህ በፊት የወለዱ ሴቶች ቤታቸው ለመውለድ ቢያቅዱ በሕፃኑ ላይ የተለየ አደጋ አልታየም፤ ቀዶ ሕክምናና ሌላ ጣልቃ ገብነትም ቀንሶላቸዋል። ይህን ጸሐፊዋ በትክክል ጽፈዋል። ያልጻፉት የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱትን ነው። በእነሱ ላይ ሞትን ወይም ከባድ ጉዳትን ያካተተው አደጋ ሆስፒታል ካቀዱት ከ1,000 በ5.3 ሕፃናት ላይ፣ ቤት ካቀዱት ደግሞ በ9.3 ሕፃናት ላይ ደርሷል። ቤት ለመውለድ ካቀዱት የመጀመሪያ ወላዶች ውስጥም ከመቶ 45ቱ ምጥ ላይ ሳሉ ወይም ወልደው ወዲያው ወደ ሆስፒታል ተዛውረዋል። ግማሽ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም! እዚያ አገር ይህ ዝውውር የዕቅዱ አካል ነው። አዋላጇ በመንግሥት የጤና አገልግሎት የተመዘገበች ናት፤ ልደቱ ሲቃረብ ሁለተኛ አዋላጅ ትመጣለች፤ ደም ማቆሚያው፣ ኦክስጅኑ፣ የሕፃን መተንፈሻው በቦርሳዋ አለ፤ ስትደውል የሚመጣው አምቡላንስና የሚቀበላት ሆስፒታል የአንድ ሥርዓት ክፍሎች ናቸው። ሆላንድም እንዲሁ ነው። ከእርግዝናው መጀመሪያ አንሥቶ ማን ቤቷ ልትወልድ እንደምትችል የምትለየው አዋላጇ ናት፤ ትንሽ ነገር ከታየ ሴትየዋ ወደ ሆስፒታል ትሄዳለች።

ጸሐፊዋ ከዚያ ሥርዓት ውስጥ አልጋውን ብቻ ወስደዋል። የእኛዋ ሴት ከቤቷ ስትነሣ የሚጠብቃት ሆስፒታል የለም። ደም እየፈሰሳት ደርሳ «አልጋ የለም» ተብላ ወደ ሌላ የተላከች ወላድ ተቀብያለሁ፤ የእኛ በር ለእሷ ሦስተኛው ነበር። ያ በር ባይከፈት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

በአሜሪካ ያሉ እኅቶቻችንም ይህንኑ ጽሑፍ እየተቀባበሉ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 የተወለዱ ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት ከሆስፒታል ውጭ ለመውለድ በታቀደበት ጊዜ የሕፃናት ሞት ከ1,000 3.9፣ በሆስፒታል ሲታቀድ 1.8 መሆኑን አሳይቷል። በሌላ በኩል ቀዶ ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ከመቶ 5.3፣ በሁለተኛዎቹ 24.7 ነበር። ሁለቱንም ቁጥር አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል፤ ጸሐፊዋ የጠቀሱት ሁለተኛውን ብቻ ነው። እዚያ ቤቷ ለመውለድ የምታስብ ሴት አዋላጇ ምን ዓይነት ፈቃድ እንዳላት፣ ከየትኛው ሆስፒታል ጋር የዝውውር ስምምነት እንዳላት መጠየቅ አለባት፤ በአሜሪካ የአዋላጅ ፈቃድ ከግዛት ግዛት ይለያያል።

አሁን ወደ መርፌው እመጣለሁ፤ እኔን ብዕር ያስነሣኝ ይህ ክፍል ነው። «ሰውነታችን የራሱን ሆርሞን ያመነጫል፤ ሰው ሠራሹን ኦክሲቶሲን በግድ ይወጉናል» ይላል ጽሑፉ። እዚህ ላይ ጸሐፊዋ አንዱን መድኃኒት በሁለት የተለያየ ሥራው አቀላቅለውታል። ኦክሲቶሲን በግሉኮስ ተንጠባጥቦ ምጥን ለማፋጠን ይሰጣል። ይህኛው ያለ በቂ ምክንያት፣ ክፍሉ ስለተጨናነቀ ወይም ባለሙያው ስለቸኮለ ሲሰጥ አይቻለሁ፤ ስሕተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የተፋፋመው ምጥ የሚቆጠረው የማኅፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ከተከፈተ ጀምሮ መሆኑን፣ ከዚያም ለመጀመሪያ ወላድ እስከ 12 ሰዓት፣ ቀድሞ ለወለደች እስከ 10 ሰዓት ሊወስድ እንደሚችል ያስረዳል፤ በየሰዓቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ካልከፈተች ተብሎ መጣደፍንም ይቃወማል። እናት «ለምን ይሰጠኛል? ምጤ ዘግይቷል ወይ?» ብላ መጠየቅና መልስ ማግኘት መብቷ ነው።

ሁለተኛው ሥራው ሌላ ነው። ሕፃኑ እንደወጣ በጭኗ ላይ የሚወጋው 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ከወሊድ በኋላ የሚመጣን የደም መፍሰስ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ይህን መርፌ ማንኛዋም ወላድ አልፈልግም ባትል እመኛለሁ። በእርግዝናው መጨረሻ ላይ በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ወደ ማኅፀን ይጎርፋል። የደም ሥሮቹ በራሳቸው አይዘጉም፤ ማኅፀኑ ራሱ ተኮማትሮ የደም ሥሮቹን ሲጨምቃቸው ነው የሚቆመው። ካልተኮማተረ አይቆምም።

አንድ ሌሊት የሆነውን ልንገራችሁ። ሦስተኛ ልጇ ነበር፤ ክትትሏ ሁሉ ደህና፣ ምጧ ፈጣን፣ ሕፃኑ እንደወጣ አለቀሰ። እንግዴ ልጁም ሙሉ ሆኖ ወጣ፤ በሳህን ላይ ዘርግቼ አይቼዋለሁ። እጄን ሆዷ ላይ አድርጌ ማኅፀኗን ስፈልገው ጠንካራውን ኳስ አጣሁት፤ እንደ ሊጥ ለስልሶ ከእጄ ሥር ጠፋ። ከሥሯ ያለው ጨርቅ ርሶ ደሙ ወደ ወለሉ መውረድ ጀመረ። እኔ ማኅፀኗን ማሸት ያዝኩ፤ ሁለተኛዋ ባልደረባዬ በሌላው ክንዷ መርፌ ሰክታ ኦክሲቶሲን የገባበት ግሉኮስ ከፈተች፤ ሦስተኛዋ ሽንቷን በቱቦ አስወጣች፣ ደም መፍሰስን የሚቀንሰውን ትራኔግዛሚክ አሲድ አዘጋጀች፤ ሐኪሙ ተጠርቶ ደረሰ፤ አንድ ሰው ደግሞ ሕፃኑን ያዘ። እናትየዋ ዳነች። አምስት ሰው ነበርን። በቤት ውስጥ አንዲት ቅጥር አዋላጅ ሁለት ታማሚ በሁለት እጇ እንዴት ትይዛለች? ሕፃኑ ያልተነፈሰ ቢሆንስ? ከመቶ ሕፃናት ከአምስት እስከ አሥር የሚሆኑት መተንፈስ እንዲጀምሩ ማነቃቂያ ይፈልጋሉ፤ ከሦስት እስከ ስድስት የሚሆኑት ደግሞ በጭምብልና በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር ሊሰጣቸው ይገባል፤ ያውም በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ። በዚያች ደቂቃ የእናትየው ማኅፀን ከለሰለሰ አዋላጇ ወደ ማን ትዙር?

ጸሐፊዋ «ልምድ ያላት አዋላጅ መድኃኒቱን በቦርሳዋ ትይዛለች» ብለዋል። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው። በቦርሳ ሆኖ በታክሲ ሲንከራተት የከረመ ብልቃጥ ጉልበቱን አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ በዓይን ግን አይለይም።

«መኪና በር ላይ አለ» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ከባድ የደም መፍሰስ የጀመራት ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ከሁለት ሰዓቱ ላይ «እስኪ ትንሽ እንይ» የተባለበትን፣ ከፎቅ ማውረጃውን፣ የመንገዱን መጨናነቅ፣ ካርድ ማውጫውን፣ ደም ማመሳሰያውን ቀንሱ። ይህ የሚሆነው ደግሞ አስቀድሞ አደጋ አለባት የተባለችው ላይ ብቻ አይደለም፤ አብዛኞቹ ደም የፈሰሳቸው ሴቶች ምንም ምልክት ያልነበራቸው ናቸው። የሌሊቷ እናትም እንደዚያው ነበረች።

ቀዶ ሕክምናን በተመለከተ ጸሐፊዋ የተቆጡበት ነገር አለ፤ ቁጣቸውም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ በቀዶ ሕክምና የወለዱት ከመቶ 2 ያህል ሲሆኑ በአዲስ አበባ ግን ከመቶ 21 ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እንዳስታወቀው፣ በሕዝብ ደረጃ ድርሻው ከመቶ 10 ሲያልፍ የእናትና የሕፃን ሞት መቀነሱ አይታይም። እንግዲህ በአንድ አገር ውስጥ ቀዶ ሕክምና አጥታ የምትሞት አለች፤ ሳያስፈልጋት የምትቀደድም አለች። ሳያስፈልጋት የተቀደደችው ሴት ጠባሳዋ ለሚቀጥለው እርግዝናዋ ይተርፋል፤ ጠባሳው በምጥ ጊዜ የመተርተሩ አደጋ ከ1,000 ወደ 5 ይጠጋል። ጽሑፉ ግን በቀዶ ሕክምና የወለደችውን እናት ጭምር «በሚቀጥለው ቤትሽ ውለጂ» ብሎ ይመክራል። ይህ ምክር ከድጡ ወደ ማጡ ነው። እባካችሁ፣ ከዚህ በፊት በቀዶ ሕክምና የወለዳችሁ፣ መንታ የያዛችሁ፣ ሕፃኑ በመቀመጫው የመጣ፣ የደም ግፊት ወይም የደም ማነስ ያለባችሁ ይህን ምክር አትስሙ።

ሳያስፈልግ ከመቀደድ መዳኛው የሚወልዱበትን ቦታ መርምሮ መምረጥ ነው። የግል ሆስፒታል ሄዳችሁ ከመቶ ወላዶቻችሁ ስንቱን በቀዶ ሕክምና ታዋልዳላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። የሚመልስላችሁ ካጣችሁ ሌላ ፈልጉ። ጽንሱ ደህና ሆኖ፣ ምጥ ሳይጀምር «ሕፃኑ ትልቅ ነው፣ እትብት ተጠምጥሟል» ተብሎ ቀጠሮ ከተያዘላችሁ ሌላ ሐኪም አማክሩ። እትብት አንገት ላይ መጠምጠሙ በብዙ ሕፃናት ላይ የሚታይ ነገር ነው፤ ብቻውን ለቀዶ ሕክምና ምክንያት አይሆንም።

የመጨረሻውን ትልቅ ክስ ሳልሸሽ ልጋፈጠው። ጸሐፊዋ የማዋለጃ ክፍሉን «የስድብ ክፍል» ብለውታል። እውነት አላቸው። ስትጮኽ ጭኗን በጥፊ የተመታች ሴት አውቃለሁ። መጋረጃ በሌለበት ክፍል፣ ተማሪዎች በተራ እየገቡ ማኅፀኗን ሲመረምሯት ማንም ስሙን ያልነገራት አለች። ባሏም እናቷም በር ላይ ተከልክለው ብቻዋን ያማጠች፣ ሳትጠየቅ የተቆረጠች፣ ስትሰፋ ማደንዘዣ ያልተሰጣት አለች። የወላዷን በር ለማስፋት ሁሉንም የመጀመሪያ ወላድ እየቆረጡ ማዋለድ በመመሪያው የማይመከር ሆኖ ሳለ በየማዋለጃ ክፍሉ አልቀረም። ጤና ሚኒስቴር ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ የሚለውን ከዋና ዋና የለውጥ አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎ ከያዘ ዓመታት አልፈዋል። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያየሁት ብዙ ነው፤ በአልጋው ዘንድ ያየሁት ከዚያ ያንሳል። አንዲት ሴት ሁለተኛ ወደዚያ አልመለስም ብትል ልወቅሳት አልችልም። በእኛ ሙያ ላይ የተጻፈውን ይህን ክፍል ባልደረቦቼ ሁሉ እንዲያነቡት እፈልጋለሁ፤ ያልሠለጠነ እጅ ካደረሰው ሞት ጋር ደምረን የምንቆጥረው የእኛን ስድብ ፈርታ የቀረችውንም ሴት ሞት መሆን አለበት።

ቢሆንም ከስድብ ሽሽት የሚገኘው ቤት የደም ግፊት አይለካም። በምጥ ላይ ግፊቷ ሽቅብ የወጣ፣ ዓይኗ የሚጨልምባት፣ ራሷን የሚፈልጣት ሴት ማግኒዚየም ሰልፌት ካገኘች የመንቀጥቀጥ አደጋዋ በግማሽ ይቀንሳል። ይህ መድኃኒት የሚገኘው እዚያው በሸሸነው ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉን ማስተካከል አለብን፤ ጸሐፊዋ የሰበሰቧቸው ብዙ አንባቢዎች አንድ ላይ ሆነው ለየጤና ጣቢያው ኃላፊ «አጃቢ ይፈቀድልን፣ መጋረጃ ይሰቀል፣ ሳንጠየቅ አንቆረጥ» ብለው ቢጠይቁ ከየቤታቸው አልጋ ይልቅ ይህ ብዙ ሴት ያድናል። እኔም አብሬ እፈርማለሁ።

«ውሳኔው የእናትየዋ ነው» በሚለው እስማማለሁ። ለመወሰን ግን ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በስምንተኛው ወር የምትወልዱበትን ክፍል ሄዳችሁ እዩት። ማን አብሯችሁ እንደሚገባ፣ በምን አኳኋን ለማማጥ እንደምትፈልጉ፣ ያለ ፈቃዳችሁ ምን እንዳይደረግ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ በክትትል ካርዳችሁ ውስጥ አስቀምጡት። የደም ዓይነታችሁን እወቁ፤ ደም የሚለግሱ ሁለት ዘመዶችን ከወዲሁ ንገሯቸው። በመንግሥት ተቋም የወሊድ አገልግሎት በነጻ ነው፤ ለመኪናና ለድንገተኛ ነገር ግን ገንዘብ ያዙ። ከተማ ርቃ የምትኖር ሴት ደግሞ ምጥ ሳይመጣ የእናቶች ማቆያ ትግባ። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ይህን ማቆያ ከጀመረ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በ22 ዓመት መዝገቡ ላይ የተሠራው ጥናት፣ በማቆያው ሰንብተው ከወለዱት መካከል የሞቱት ከ100,000 ወደ 90፣ ከቤት በቀጥታ ከመጡት መካከል ደግሞ ከ1,300 በላይ መሆናቸውን አሳይቷል። በቀጥታ የመጡት ብዙዎቹ ምጥ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ በመሆናቸው ልዩነቱ በሙሉ የማቆያው ውጤት ነው ማለት አይቻልም፤ ዘግይቶ መድረስ ምን እንደሚያደርግ ግን ያሳያል።

ይህን ሁሉ ሰምታም ቤቷ የምትወልድ ትኖራለች፤ መንገድ ስለሌላትም፣ ስለመረጠችም ይሆናል። ብቻዋን አትሁን። ከወሊድ በኋላ የሚመጣን የደም መፍሰስ የሚከላከለውን ሚሶፕሮስቶል የተባለ እንክብል ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቀድማ ትጠይቅ፤ ሕፃኑ ከወጣ በኋላ፣ ሁለተኛ ሕፃን አለመኖሩ ተረጋግጦ፣ ሦስቱን እንክብል ትዋጥ። ሆዷን ማንም አይጫናት፤ እትብቱን ማንም አይጎትት፤ በሕፃኑ እትብት ላይ ቅቤ አይቀባ። ምጡ ከ12 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ውኃው አረንጓዴ ከሆነ፣ ራሷን ከፈለጣት ወይም ዓይኗ ከጨለመ፣ እንግዴ ልጁ በግማሽ ሰዓት ካልወጣ፣ ጨርቁ በደም እየራሰ ከቀጠለ ወዲያው ትነሣ። በር ላይ የምትቀበላት ባልደረባዬም «እስከ አሁን የት ነበርሽ?» ብላ አትጀምር። መጀመሪያ እጇን ሆዷ ላይ ታድርግ፣ ግፊቷን ትለካ፣ ስሟን ትጠይቃት፤ ከእሷ ጋር የመጣችውንም ሴት አብራ ታስገባት።